አይጠፌና የኮፈኑ ሶኬት

አንድ ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ጥፋት ሌላው ሲሸከምለት እያየ ዝም ካለ፣ ዝምታው ራሱ ሁለተኛ ጥፋት ነው፤ ከመጀመሪያውም ይከብዳል። የመጀመሪያው ከድካም፣ ከፍርሃት ወይም ከልማድ ሊመጣ ይችላልና ምሕረት አያጣም። ሁለተኛው ግን በየማለዳው ታስቦበት የሚታደስ ነው። ይህን ለማስረዳት ክፉ ሰው መፈለግ አያስፈልግም፤ ክፉ ሰው እንዲያውም ለዚህ ትምህርት አይመችም። የሚመቸው እንደ አይጠፌ ያለ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚወደው ሰው ነው።

አይጠፌ ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ በነዱበት ዴፖ የተሰጣቸው ነው። በዚያ ዴፖ አንድ የቆየ ሕግ ነበር፤ ተሳፋሪ ጭኖ ሳለ መንገድ ላይ ሞተር የጠፋበት ሹፌር ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ሲያበቃ የባልደረቦቹን አውቶቡሶች ያጥባል። ጥፋቱ የእግሩ ይሁን የማሽኑ አይጠየቅም ነበር። እሳቸውም በሥራቸው የመጀመሪያ ዓመት፣ በትልቁ አደባባይ ዳገት ላይ፣ ሰው እስከ በሩ ጢም ብሎ ሳለ ሞተሩ ጠፋባቸው። ከኋላ ያለው ሁሉ ጡሩምባ ነፋ። ተሳፋሪው ወርዶ ገፋ። ከገፉት አንዱ ሽማግሌ በመስኮቱ በኩል ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሌላ ሥራ ብትፈልግ አይሻልም?» አሏቸው፤ ለምክር እንጂ ለስድብ አልነበረም፤ ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። ያን ሳምንት በየቀኑ አሥራ አንድ አውቶቡስ አጠቡ። ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በእጃቸው ላይ ሞተር ጠፍቶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጡ ጓደኞቻቸው ያበረከቱላቸው የእንጨት ሰሌዳም «ለአይጠፌ» ይላል፤ ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ የአንድ ክሊኒክ አስተዳዳሪ ናት። መኪና በገዛች ጊዜ አባቷ ሥራ መፍታት እንዳይጎዳቸው ብላ መሪውን ለእሳቸው ሰጠች። ጠዋት እሷን ክሊኒክ ያደርሳሉ፤ ማታ መልሰው ያመጣሉ። መኪናዋ ከእሷ በፊት ሌላ ባለቤት ነበራት፤ ሆኖም ከአዲሶቹ ዓይነት ናት። የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯን ራሷ አጥፍታ፣ እግር ከፍሬን ሲነሣ ራሷ ታስነሣለች ተብሎ ነበር። ግን አታደርገውም። ዳሽቦርዱ ላይ በክብ ቀስት የተከበበች «ኤ» ፊደል አለች፤ በላይዋ ላይ ሁልጊዜ ጭረት ይታያል። ልጅቱ ደግሞ ያለ ነገር ሳይሠራ ሲቀር ማየት አትወድም፤ ቤት ውስጥ ውሃ የማይሰጥ ቧንቧ ወይም የማይዘጋ መሳቢያ አይውልም። መኪናዋን ወደ መካኒኩ ላከቻት።

መካኒኩ የጎረቤት ልጅ ነው። ሟቹ አባቱ የዚያው ዴፖ ኤሌክትሪሺያንና የአይጠፌ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ሙያውን ከአባቱ ተምሮ ገና በዓመቱ መጀመሪያ የራሱን ጋራዥ ከፍቷል፤ ሦስት መኪና ቢገባ አራተኛው ደጅ የሚቀርበት ጠባብ ግቢ ነው። ከበሩ አጠገብ ከአሮጌ አውቶቡስ የተነቀለ ባለሁለት ሰው ወንበር አለ። አይጠፌ ልጃቸውን ካደረሱ በኋላ ጠዋቱን የሚያሳልፉት እዚያ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር ቅንጡ ነው» አላቸው መካኒኩ፣ ከኮፈኑ ሥር አንገቱን ሳያወጣ። «ሁሉ ነገር ካልተሟላለት ሞተሩን አያጠፋም። ሞተሩ ካልሞቀ እምቢ። ኤሲው ብዙ ከለፋ እምቢ። ቀበቶ ካላሰሩ እምቢ፣ በር ካልተዘጋ እምቢ፣ ኮፈን ከተከፈተ እምቢ።»

«ኮፈን ደግሞ ምን አገባው?»

«የእኔ እጅ እዚህ ውስጥ እያለ በራሱ ቢነሣስ? ጣቴን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ይቺን ትንሽ ስዊች አድርገውለታል፤ ኮፈኑ መዘጋቱን የምትነግረው እሷ ናት። ሶኬቷ ይኸው። እሷ ካልመሰከረች ሞተሩ አይጠፋም።»

«ምስክር ቆሞለት ነው እንግዲህ የሚጠፋው» አሉ አይጠፌ። «የዚች ችግር ታዲያ የትኛው ነው?»

«ባትሪው። እርስዎ ከቤት ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ቤት፣ አሥር አሥር ደቂቃ ነው የሚነዷት፤ በዚያች መንገድ ባትሪ አይጠግብም። ደግሞ የፊተኛው ሰውዬ ተራ ባትሪ ነው ያስገባላት። በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ሞተር የሚያስነሣ ባትሪ ሌላ ነው፤ ወፍራሙ።»

ወፍራሙን ባትሪ አስገባ። ባትሪ መለወጡንም በመመርመሪያው ለመኪናዋ ኮምፒዩተር አስታወቀ፤ ይህን ብዙዎች ይዘሉታል፣ እሱ ግን አልዘለለም። በማግስቱ ጭረቱ ከፊደሏ ላይ ጠፋ።

የዚያን ቀን እራት ላይ ልጅቱ ለአባቷና ለእናቷ እንዲህ አለች፤ «ክሊኒኩ ላሉት አምስት መኪናዎች ቋሚ ጋራዥ እየፈለግን ነው። ኮሚቴው የእኔን አስተያየት ይጠብቃል፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ እፈርማለሁ። የሰፈራችን ልጅ ነው ብዬ አልጽፍለትም። ሥራው ከዘለቀ ግን እጽፍለታለሁ።»

«ይዘልቃል» አሉ አይጠፌ። ከልባቸው ነበር። በዚያች ጠባብ ግቢ አምስት ቋሚ መኪና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ መካኒኩ ያለ ቋሚ ደንበኛ ዓመቱን መጨረሱን እንደሚጠራጠር በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነግሯቸዋል።

በማግስቱ ጠዋት ትልቁ አደባባይ ላይ መብራቱ ቀይ ሆነ። አይጠፌ ፍሬን ያዙ። ሞተሩ ጠፋ።

እግራቸው ፍሪሲዮን ፈለገ፤ መኪናዋ ፍሪሲዮን የላትም። እጃቸው ቁልፍ ፈለገ። በጎናቸው አንድ የከተማ አውቶቡስ ቆሞ ነበር፤ ወጣቱ ሹፌር ወደ ታች የተመለከተ መሰላቸው።

«አየህ አባዬ፣ ጠፋ» አለች ልጃቸው ደስ ብሏት።

«አየሁ» አሉ።

በአሥር ደቂቃው መንገድ ሰባት ጊዜ ጠፋ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ የድሮ ባልደረባቸው የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ሲያልፍ አያቸውና ቆመ፤ ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘንብሎ ካዳመጠ በኋላ «ኧረ አይጠፌ፣ ጠፋብህ እንዴ?» ብሎ ሳቀና ሄደ። ሰውየው ቀልዱን መንገዱን ሳይሻገር ረስቶት ይሆናል። እሳቸው ግን ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ማርሹ አጠገብ ይህን ነገር የሚያቆም ቁልፍ አለ። ሆኖም መኪና በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ መጫን ያስፈልገዋል፤ ልጃቸው ደግሞ ከጎናቸው ተቀምጣ ታያለች፣ ካየችም ትጠይቃለች። በሰባ ዓመት ዕድሜ «ፈራሁ» ብሎ መመለስ አቃታቸው። በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ እንደ ልማዳቸው ዘይትና ውሃ ለማየት ኮፈኑን በከፈቱ ጊዜ፣ መካኒኩ በፍቅር ያስተማራቸውን ትምህርት አስታወሱ፤ እጃቸውን ሰድደው የምስክሯን ሶኬት ነቀሉ።

እዚህ ላይ ሙያቸው ተፈታተናቸው። አፉ ክፍት የሆነ ሶኬት ለአቧራና ለውሃ መተው በዴፖው እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለሉት፤ የናስትሮውንም ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ትንሽ ጆሮ አበጁለት፤ ቀጥሎ የሚፈታው ሰው በጥፍሩ እንዳይቧጥጥ። ይህ የዴፖው ኤሌክትሪሺያን፣ የመካኒኩ አባት፣ ያስለመዱት ዘዴ ነው። ከእሳቸው የተማረ ካልሆነ በቀር እንዲህ የሚያጥፍ ሰው የለም።

ያን ጠዋት አደባባዩ ላይ ሞተሩ ደስ በሚል ድምፅ ሲያጉረመርም ቆየ። ጭረቱ ተመልሷል።

«ሦስት ቀን?» አለች ልጅቱ ዳሽቦርዱን እያየች። «ሦስት ቀን ብቻ ነው የሠራለት?»

ጥፋታቸውን ሊናገሩ የሚገባቸው ጊዜ ያች ቅጽበት ነበረች። «ማሽን አይደል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ቃል የተወለደ ነው። ልጅቱ መኪናዋን ወደ ጋራዥ ይመልሷት ዘንድ ነገረቻቸው። እሳቸውም ከጋራዡ በፊት ባለው ፋርማሲ ኋላ ቆመው ናስትሮውን ፈቱ፣ ሶኬቱን ሰኩ፣ የተፈታውንም ናስትሮ ኪሳቸው ከተቱ። መካኒኩ ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ ሞከራት፤ በቆመ ቁጥር ጠፋች፣ እግሩን ባነሣ ቁጥር ተነሣች። ጤነኛ ናት ብሎ መለሳት። በማግስቱ ጠዋት ጭረቱ ነበረ። ለሁለተኛ ጊዜ መጣች፤ መመርመሪያውን ሰካ። መኪናዋ ሞተሯን ያላጠፋችው ኮፈኗ ክፍት ስለነበረ እንደሆነ ማሽኑ አርባ አንድ ጊዜ መዝግቦ አገኘ። ኮፈኑን ሃያ ጊዜ ከፍቶ ዘጋ። ስዊቹን በራሱ ወጪ ለወጠ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ። ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኔን ስታይ ትታረማለች፤ ከዚህ ስትወጣ ትባልጋለች» አለ፣ የቱታውን እጅጌ እያየ። «አባቴ ቢኖር በአንድ ቀን ያገኘው ነበር።»

አይጠፌን ይህ ቃል ወጋቸው። ሆኖም የበደለ ሰው ከመናገር ይልቅ መስጠት ይቀለዋል። ግቢውን ጠረጉለት፤ ብሎኖቹን በየልካቸው ለይተው በቆርቆሮ አስቀመጡለት፤ ከቤት ምሳ በሳህን ይዘውለት መምጣት ጀመሩ።

ሚስታቸው ሳህኑን ሲያነሡ አይተው «ለዚያ ልጅ ምሳ መውሰድ አበዛህ። ምን አጥፍተህ ነው?» አሉ።

«ሰው ምሳ ለመስጠት የግድ ማጥፋት አለበት?»

«ሌላው የለበትም። አንተ አለብህ። እኔን ካስቀየምክ በኋላ ስንት ጊዜ ነው ሳትጠየቅ ሽንኩርት የላጥከው?»

አይጠፌ ሳህኑን በክዳን ሸፈኑና ወጡ።

ሐሙስ ነገ ሊሆን ረቡዕ ደረሰ። ልጅቱ ያን ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ነበር። አይጠፌ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው፣ የራሳቸው ግማሽ ተከርክሞ ግማሹ ሳይነካ ሳለ ስልካቸው ጮኸ።

«አባዬ፣ መኪናዋን ይዤ ወደ ጋራዥ እየሄድኩ ነው። ነገ ከመፈረሜ በፊት በዓይኔ ልየው።»

«ቆይ፣ እኔ እወስዳታለሁ።»

«ደርሻለሁ እኮ፤ የጋራዡ በር ላይ ነኝ።»

አይጠፌ ጨርቁን ገፍፈው ተነሡ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ «ጋሼ፣ ግማሹ ቀርቷል» አላቸው። «ያው ግማሽ ሰው ነኝ» አሉና ወጡ።

መካኒኩ በዚህ ጊዜ ኮፈኑን ከፍቶ ነበር። እጁ ወደ ስዊቹ ሄዶ ቆመ። ሶኬቱ ተነቅሏል፤ አፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ የናስትሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ትንሽ ጆሮ አለው። በአውራ ጣቱ ነካው። ያን ጆሮ ማጠፍ የተማረው በሰባት ዓመቱ፣ አባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ነው። በሕይወት ካሉት ሰዎች እንዲህ አድርገው የሚያጥፉ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው እሱ ነው። ብሎኖቹ በየልካቸው የተለዩበትን ቆርቆሮ አየ፤ የሳህኑንም ክዳን አስታወሰ። ነገሩ ሁሉ ገባው።

«ምን አገኘህ?» አለች ልጅቱ ከአውቶቡሱ ወንበር ላይ።

«ሶኬት ተነቅሏል።»

«ማን ነቀለው?»

መካኒኩ ከኮፈኑ ሥር ቀና አላለም። «እኔ ነኝ፣ እትዬ። ባለፈው ስዊቹን ስለውጥ መልሼ ሳልሰካው ቀርቼ ነው።»

አይጠፌ የግቢው በር ላይ ደርሰው ነበር። ሰሙት።

«ነቅለህ፣ ጠቅልለህ፣ ከዚያ ረሳኸው?»

«አዎ።»

ልጅቱ ወደ መኪናዋ ሄዳ ሶኬቱን አየችው። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና የእኔ ናት፤ ስቄ አልፈዋለሁ። የነገዎቹ አምስት ግን በሽተኛ የሚጭኑ ናቸው። የነቀለውን መልሶ መስካት ለሚረሳ ሰው አልፈርምም። አዝናለሁ፤ እውነቴን ነው።»

«ልክ ነሽ» አለ መካኒኩ። ጨርቅ አንሥቶ ንጹሕ እጁን ጠረገ።

አይጠፌ በሩ ላይ ሆነው የሠላሳ አራት ዓመቱን ስማቸውንና ይህን ጎንበስ ያለ ጀርባ ጎን ለጎን አዩ። ዝም ብለው ወደ ኋላ ቢመለሱ ማንም አያውቅም ነበር፤ የሚያውቀው አንድ ሰው ደግሞ ላይናገር ወስኗል።

«አልነቀለውም» አሉ።

ሁለቱም ዞሩ።

«አባዬ፣ ፀጉርህ ምን ሆነ?»

«ፀጉሬን ተይው።» ከኪሳቸው የናስትሮ ጥቅልል አወጡ፤ ቀጥሎም ሦስት ጊዜ ፈትተው ያድበለበሉትን የናስትሮ ቁራጭ አውጥተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «የነቀልኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሳመጣት እሰካዋለሁ፤ ቤት ስመልሳት እነቅላለሁ። ባትሪው ደህና ነው። ስዊቹም ደህና ነበር። ይህ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምንም አላጠፋም።»

«ለምን?» አለች ልጃቸው።

«አደባባዩ ላይ ሲጠፋብኝ ሰው አየኝ።»

«ማን ነው ያየህ?»

አይጠፌ አሰቡ። «ሁሉም» አሉ።

ልጅቱ የአባቷን እጅ ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እሷም ከጎናቸው ተቀመጠች። «ማቆሚያው ቁልፍ እኮ እዚያው ማርሹ አጠገብ ነበር።»

«ለምን ተጫንከው ብትይኝ ምን እልሻለሁ? ፈራሁ እላለሁ? ለአንቺ?»

«ለእኔ ካልነገርክ ለማን ልትናገር ነው?» የናስትሮውን ቁራጭ ከወንበሩ ላይ አንሥታ ተመለከተችው። «እሺ፣ ፍርሃቱ ይቅር። ግን እሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሱን ሲጠራጠር እያየህ ምሳ ስታመላልስለት ነበር። ምሳውንስ በልቶታል?»

«አልበላሁም» አለ መካኒኩ። «አልወርድ እያለኝ ነው እንጂ ወጡ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ጋሼ።»

አይጠፌ ሳቅ መጥቶባቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አንተም ዋሽተሃል» አለች ልጅቱ ወደ መካኒኩ ዞራ። «ለእሳቸው ብለህ መሆኑ ገብቶኛል። ነገር ግን በውሸትህ አምኜ ነገ አልፈርምም ብዬ ነበር፤ በሽተኞቹም ጥሩ መካኒክ ባጡ ነበር።» ፍርዷ ትክክል ነው፤ ለፍቅር ተብሎ የተነገረ ሐሰትም ሐሰት ነውና። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀና ሶኬቱን ፈትቶ ሰካው። ኮፈኑ ተዘጋ።

«አባዬ» አለች፣ «በዴፖው ሞተር የጠፋበት ሹፌር ቅጣቱ ምን ነበር?»

«የሌሎቹን አውቶቡስ ማጠብ። አንድ ሳምንት።»

«የባልደረባውን መልካም ስም ያበላሸስ?»

«እንዲህ ያለ ሰው አልነበረንም» አሉ። «ቢኖረን ኖሮ አንድ ወር ነበር የምንሰጠው።»

«እንግዲያው አንድ ወር» አለች ልጃቸው፣ ትከሻቸው ላይ የረገፈውን ፀጉር በእጇ እያራገፈች። «አሁን ተነሥና ግማሹን ተስተካክለህ ና።»

በማግስቱ ሐሙስ ልጅቱ ለመካኒኩ ፈረመች። ከመፈረሟ በፊት አይጠፌ ኮሚቴው ፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ከዚያም አንድ ወር ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የክሊኒኩን አምስት መኪናዎች በባልዲና በስፖንጅ አጠቡ፤ ማንም እንዲያግዛቸው አልተፈቀደም። ምሳቸውን በሳህን የሚያመጣላቸው መካኒኩ ነበር፤ ሳህኑንም ባዶ ይመልሱለት ነበር። «ለአይጠፌ» የሚለው ሰሌዳ እስከ ወሩ መጨረሻ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። በየጠዋቱም ልጃቸውን ሲያደርሱ ትልቁ አደባባይ ላይ ሞተሩ ይጠፋ ነበር፤ እሳቸውም ማቆሚያውን ቁልፍ እንዳይነኩ ተከልክለው፣ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ይጠብቁ ነበር።